ፔዳሉ ወለል የነካ ዕለት

ዓረፋ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ደሴ፣ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ የአባቴን ላዳ ፍሬን ረገጥኩ። እግሬ ምንም ሳይይዘው ወርዶ ወለሉን ነካ። መኪናዋ ቁልቁል እየተንሸራተተች ነበር። ከፊት ለፊቴ እማዬ የግቢውን በር ልትከፍት ጎንበስ ብላለች።

ማንም አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ ልበል። ግን ወራት አልፈውም ያ የእግሬ ስሜት አልለቀቀኝም። ሌሊት ተኝቼ ቀኝ እግሬ ባዶውን ሲረግጥ እባንናለሁ። ከሁሉ የሚከነክነኝ ያን ቀን ያበላሸሁት ሥራ አለመኖሩ ነው። አዲሱ የፍሬን ሸራ በትክክል ገብቷል። ፒኑ፣ ሽቦው፣ ቡሎኑ ሁሉ በቦታው ነው። የተሠራው ሁሉ ልክ ነበር። ፍሬን ግን አልነበረም።

ሐረጎ

አባዬ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ቤቱ ደሴ ሥራው ኮምቦልቻ ነበር። ጠዋት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። በመካከል ያለው ቁልቁለት ሐረጎ ነው፣ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 600 ሜትር ያህል ትወርዳለህ። ደሴ ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ እጅጌውን ይሰበስባል። አባዬ ለዚህ መንገድ አንድ ሕግ ነበረው። በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬኑን እየረገጡ እየለቀቁ እንጂ እግርን ጭኖ መውረድ አይወድም። የጋለ ፍሬን ሽታ ከሩቅ ከሸተተው “ይሄ ሰውዬ መኪናውን አላዘነለትም” ይል ነበር።

መኪናዋ ላዳ 2101 ናት። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ያመርቷት የነበረችው። መሠረቷ ጣሊያናዊቷ ፊያት 124 ናት። ፊያቷ በአራቱም ጎማ የዲስክ ፍሬን ነበራት። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት ነው፣ ሸራ ከሁለት ጎን ጨምቆ ያቆመዋል። ላዳን ሲሠሩ ለጭቃና ለመጥፎ መንገድ ይሻላል ብለው የኋላውን ታምቡር፣ ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ዝግ ፍሬን፣ አደረጉት። የፊቱ ዲስክ እንደነበረ ቀረ። ዋናውን ሸክም የሚችለውም የፊቱ ነው። መኪና ፍሬን ሲያዝ ክብደቷ ወደ ፊት ይደፋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም ተደፍታ ነው።

ሌላም ነገር አላት። የ2101 ፍሬን የእግርን ኃይል የሚያግዝ መሣሪያ የለውም። ከአዳዲሶቹ መኪኖች ወርዶ እሷን የሚነዳ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። የረገጥከውን ያህል ብቻ ነው የምትይዝልህ። እኔ ይህን እወድላታለሁ። እግርህና ዲስኩ በቀጥታ ይነጋገራሉ። ደህና ከሆነ ደህና ነኝ ይልሃል። ካልሆነም አይደብቅህም።

ከአባዬ በኋላ መኪናዋ ብዙ ቆማለች። እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ ነው የምትንቀሳቀሰው። በዚያ ሰሞን ከፊት ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ጀመራት። ጎማውን አውጥቼ ሳይ ሸራው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ወርዷል። 1.5 ሲደርስ መለወጥ ግዴታ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብዬ በዚያው ሳምንት ለመጨረስ ወሰንኩ። ለዓረፋ እማዬን ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ላደርሳት ቃል ገብቻለሁ። በዚያ ሸራ ሐረጎን አላወርዳትም።

ሸዋ በር አካባቢ አባዬ መኪናዋን የሚያሠራበት አንድ አዛውንት መካኒክ አሉ። የበዓል ሰሞን ሥራ በዝቶባቸው ነበር። “አንተው ሥራው፣ ከባድ አይደለም፣ አብሽር” አሉኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ ግማሽ ቀን አጠገባቸው ቁጢጥ ብዬ የሌላ ሰው መኪና ሲሠሩ አየሁ። አንዱን ነገር ደጋግመው ነገሩኝ። “ሸራው ወጥቶ ሳለ ፔዳሉን ማንም እንዳይነካ። ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ራሱ ተገፍቶ ከቤቱ ይወጣል። ዘይቱ ይፈሳል፣ አየር ይገባል። ያኔ ና ውሰደኝ ብትለኝም አልመጣም።”

ይህን ምክር በጣም ሰማሁት። ጣጣውም እዚያ ላይ ነው።

ሦስት ሰዓት ያልተነካ ፔዳል

ግቢያችን እንደ ደሴ ግቢ ሁሉ ተዳፋት ነው። ሜዳ የሆነው ላይኛው ጥግ፣ ኩሽናው አጠገብ ብቻ ነው። መኪናዋን እዚያ አቆምኩ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ታኮ አደረግኩ። ቡሎኖቹን ጎማው መሬት ላይ ሳለ ላላ አደረግኩና በክሪክ አነሳኋት። ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ከሥሯ ወፍራም ግንድ አስገባሁ።

አንድ ጎን ብቻ ነው የምከፍተው። ግራው ሲፈታ ቀኙ እንደተገጠመ ይቆያል። ሽቦው በየት በኩል ነበር ብዬ ስጠራጠር ሄጄ ሌላውን አያለሁ። የላዳ ካሊፐር፣ ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚያስጨምቀው ቤት፣ ከወዲህና ከወዲያ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ፒስተኖች አሉት። ዲስኩ መካከል ነው። ሸራዎቹን ሁለት ፒኖች ይይዟቸዋል። መጠበቂያዎቹ ሲወልቁና ፒኖቹ ሲወጡ ካሊፐሩን መፍታት ሳያስፈልግ ሸራው ተስቦ ይወጣል። አንደኛው ፒን ዝጎ ነበር። በቀጭን ብረትና በመዶሻ ቀስ እያልኩ ብዙ ለመንኩት።

አቧራውን በአፌ አልነፋሁትም። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። በረጠበ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ጨርቁን በላስቲክ ቋጥሬ ጣልኩ። ይህን የማያደርጉ ብዙ ወጣት መካኒኮች አያለሁና ይቆጨኛል።

ከዚያ ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ መመለስ ነው። አዲሱ ሸራ ወፍራም ነው፣ ቦታ ይፈልጋል። አሮጌውን ሸራ አስደግፌ በጠፍጣፋ ብረት አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብዬ ገፋኋቸው። ሁለቱም ሳይንገራገጩ ገቡ። ፒስተን ሲገፋ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይበላል። ስለዚህ ቀድሜ በሲሪንጅ ትንሽ ቀነስኩ። የቀዳሁትን አልመለስኩትም። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ መፍያው ቢያንስ 230 ዲግሪ ነው። ውኃ ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይት ፈላ ማለት ፔዳል ጠፋ ማለት ነው።

ዲስኩን በተዋስኩት መለኪያ ለካሁ። አዲሱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከ9 በታች አይሠራበትም። የእኛ 9.5 ወጣ። ሸራው የሚቀመጥበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁ። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ። ሸራ በእጅ ሲገፋ በነፃ መግባትና መውጣት አለበት። በመዶሻ የገባ ሸራ በእግር ትእዛዝ አይመለስም፣ ዲስኩ ላይ ተጣብቆ ሲግል ይኖራል። ብረቱ ወደ ፒስተን፣ ሸራው ወደ ዲስክ። ይህን ማን ይስታል አትበሉ። አዛውንቱ ብረቱን ወደ ዲስክ አድርጎ ገጥሞ፣ ዲስኩን እንደ እርሻ የተለመ ሰው አይተዋል። ከሸራው ጀርባ፣ ብረቱ የሚነካበት ጠርዝ ላይ ብቻ፣ ስስ ግራሶ ቀባሁ። እጄን በሳሙና ታጥቤ ነው የሸራውን ፊት የነካሁት።

ፔዳሉስ? የአክስቴ ልጅ መሪ ይዞ መጫወት ይወዳል። ስለዚህ ገና ሥራ ሳልጀምር የመኪናዋን በሮች ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያን ፔዳል የነካው ሰው የለም። እኔም ጭምር። በየመሐሉ ኪሴን እየዳሰስኩ ቁልፉ መኖሩን አረጋግጥ ነበር። ግራው አለቀ፣ ቀኙ አለቀ። ጎማዎቹ ታሰሩ፣ መኪናዋ ወረደች፣ ቡሎኖቹ ጠበቁ። ጊዜው ከአስር በኋላ ነው። ኩሽና ውስጥ ቡና ይቆላል።

በሩ

ባትሪዋ ደካማ ናት። እኛ ቤት ላዳን በቁልቁለት ነው የምናስነሳት። የደሴ ሰው ይህን ያውቃል። አፍንጫዋን ወደ በሩ አዙረህ፣ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ለቀህ፣ ስትንደረደር ሁለተኛ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮኑን መልቀቅ ነው።

“ልክፈትልህ” አለችኝ እማዬ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። በሩ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ በር ነው። የግራው መቀርቀሪያ መሬት ውስጥ ይገባል። እሱን ለማውጣት ጎንበስ ማለት ግድ ነው።

ታኮውን አነሳሁ። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ። ገባሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ማርሹን ፎሌ አደረግኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ጎማዋ ከሜዳው ጠርዝ አለፈና ቁልቁለቱን ያዘች። ሁለት ሜትር ያህል ሄዳ ትንሽ ልያዛት ብዬ ረገጥኩ።

ወለል።

ደግሜ ረገጥኩ። አሁንም ወለል። የኋላው ፍሬን በሌላ መስመር ስለሚሄድ ትንሽ ጎተት አደረጋት መሰለኝ። አላቆማትም። በፊት መስታወቱ የሚታየኝ የእማዬ ነጠላና ጎንበስ ያለ ጀርባዋ ነው። ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፅ አልወጣኝም። ምን እንዳሰብኩ ብትጠይቁኝ ምንም አላሰብኩም። እጄ ብቻ ሄዶ የእጅ ፍሬኑን ይዞ ሳበ። የኋላ ጎማዎቹ ጠጠሩን ፋቁት። ቆመች።

በኮፈኑና በእማዬ መካከል ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው።

ቀና ብላ ዞረች። “ምነው፣ አልነሳ አለች?”

“አይ፣ አንድ ነገር ረስቼ ነው” አልኳት።

ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም። የእጅ ፍሬኑን እንደያዝኩ ፔዳሉን ረገጥኩ። ሦስተኛ። አራተኛ ላይ ከሥር አንድ ነገር ገፋኝ። አምስተኛው ከፍ አለ። ስድስተኛው ጠጠረ፣ እንደ ድሮው። ሸራው ዲስኩን ያገኘው ገና ያኔ ነው።

እጅ የሚያውቀው፣ አፍ የማይናገረው

ነገሩ ቀላል ነው። ፒስተኑን ዙሪያውን የሚይዘው የጎማ ቀለበት አለ። ስትረግጥ ፒስተኑ ይወጣል፣ ቀለበቱም አብሮ ይጎብጣል። ስትለቅ ቀለበቱ ወደ ነበረበት ሲመለስ ፒስተኑን በፀጉር ያህል ይመልሰዋል። ሸራው ሲያልቅ ፒስተኑ በቀለበቱ ውስጥ ትንሽ ወደፊት ተንሸራቶ አዲስ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ነው የዲስክ ፍሬን ራሱን የሚያስተካክለው። እኔ ግን አራቱንም ፒስተኖች ወደ ውስጥ ገፍቼ ሰፊ ክፍተት ፈጥሬያለሁ። አንድ ርግጫ የሚልከው ዘይት ያን ሁሉ ክፍተት አይሞላም። አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ ያስፈልጋል። መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ። የእጅ ፍሬኑ ያዳነን ደግሞ በሽቦ ስለሚሠራ ነው። ከዘይቱ ጋር ጉዳይ የለውም።

ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እንዲህ አይከነክነኝም። ሦስት ሰዓት ሙሉ “አትንካ” የሚል ሕግ ጠብቄያለሁ። ለዚያ ሰዓት ትክክለኛው ሕግ እሱ ነበር። የመጨረሻው ቡሎን ሲጠብቅ ሕጉ ተገለበጠ። “አትንካ” የነበረው “ሳትነካ እንዳትነሳ” ሆነ። የተገለበጠበትን ደቂቃ የሚነግረኝ ድምፅ አልነበረም። እኔ ደግሞ በጥንቃቄዬ ተማምኜ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሁሉን ጠርጥሬ የራሴን ጥንቃቄ ሳልጠረጥር ቀረሁ።

በማግሥቱ ሸዋ በር ሄድኩ። “ጋሼ፣ ሲጨርሱ ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ እንዳለብኝ ነግረውኝ ነበር?” አልኳቸው። ቆጥቤ የጠየቅኩ መስሎኝ ነበር፣ ፊቴ ግን ሁሉን ነገራቸው መሰለኝ። የያዙትን ቁልፍ አስቀመጡ።

“ነግሬሃለሁ ብዬ አልምልም” አሉ። “እሱን እግሬ ነው የሚያውቀው። አፌ አያውቀውም።”

ትንሽ ዝም ብለው ቆዩ። “ያን ቀን እኔ ስሠራ አላየህም? ጨርሼ ገብቼ ስረግጥ?”

አይቻለሁ። አሁን ትዝ ይለኛል። ገብተው ሲረግጡ ከሰውዬው ጋር ስለ ዋጋ ያወሩ ነበር። እኔ የሰማሁት ዋጋውን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአባዬ ነገር ይመጣብኛል። አባዬ መኪና ውስጥ ሲገባ “ቢስሚላህ” ይላል፣ ፔዳሉን ሦስት ጊዜ ይረግጣል፣ ከዚያ ነው የእጅ ፍሬን የሚለቀው። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳይዘል። እኛ ልጆች ርግጫውን የዱዓው ክፍል አድርገን ነበር የምናየው። ታናሽ እህቴ የአሻንጉሊት መኪናዋን ስትነዳ ቢስሚላህ ብላ መሬቱን ሦስት ጊዜ ትመታ ነበር። ለምን እንደሚረግጥ የጠየቀው የለም። እሱም አልነገረን። መንዳት ሲያስተምረኝ ስለ ማርሽ፣ ስለ ኩርባ፣ ስለ ከባድ መኪና ብዙ ነግሮኛል። ይህን አልነገረኝም። አብሮት ያደገ ነገር ሆኖበት ይሆናል። ወይስ እሱም አንድ ቀን፣ እኔ ሳልወለድ፣ እግሩ ወለል ነክቶ ያውቅ ይሆን? ነክቶ ከሆነ ማን ነበር በሩ ላይ? ይህን የምጠይቀው ሰው የለም።

ቡናው ላይ

አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትሮች በለስላሳው እየያዙ፣ እንዲቀዘቅዝ ፋታ እየሰጡ መንዳት ነው። ሳይላመድ ሐረጎን ማውረድ ፊቱን ያቃጥለዋል። ስለዚህ በዓሉን ኮምቦልቻ በሚኒባስ እንሂድ አልኳት፣ ለእማዬ።

“ምነው፣ ተሠርታ የለ?” አለች። ጀበናውን ከእሳቱ እያወጣች ነበር።

ያኔ ነገርኳት። ሁሉንም። ፔዳሉን፣ ወለሉን፣ ጎንበስ ያለ ጀርባዋን፣ “ረስቼ ነው” ያልኩትን። ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እሷ አቦሉን ቀድታ እስክትጨርስ አልመለሰችልኝም።

“አባትህ መኪና ሲወጣ ወደ ጎን ቁሚ ይለኝ ነበር” አለች በመጨረሻ። “ሁልጊዜ ነው የሚለኝ። ‘ከአፍንጫዋ ፊት አትቁሚ፣ መጀመሪያ በሩን ከፍተሽ ራቂ፣ ከዚያ እለቃለሁ’ ይለኝ ነበር። እሱ ከሄደ ወዲህ የሚለኝ ሰው ጠፋና እኔም ተውኩት።”

“ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ እማ።”

“ጥፋት አላልኩም።” ሲኒውን አቀበለችኝ። “አሁንስ ይይዛል?”

“ይይዛል።”

“እስቲ አሳየኝ።”

ሲኒውን አስቀምጬ ወጣሁ። ተከትላኝ መጥታ ከጎን፣ ከግድግዳው ጋ ቆመች። በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ቢስሚላህ ብዬ ረገጥኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። በሦስቱም ጠጥሮ ጠበቀኝ። እማዬ መሪውን አላየችም፣ ፊቴንም አላየችም። ዓይኗ እግሬ ላይ ነበር። ስጨርስ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ወደ ቤት ዞረች።

“ና በል፣ አቦሉ ሳይቀዘቅዝ።”